የቢሮ ጠረጴዛ ሴንሰር ዕቅድና ተከላ፦ ባለ 60 ጠረጴዛ ወለል እንደ ምሳሌ

መሥሪያ ቤቱ ተጨማሪ ወለል ልከራይ ሲል የክፍል ኃላፊዎች «ሞልቷል፣ ጠቦናል» ይላሉ። በመተላለፊያው ያለፈ ሰው ደግሞ ባዶ ወንበር ቆጥሮ ይወጣል። ከጠረጴዛ ሥር የሚለጠፍ ትንሽ ሴንሰር ይህን ክርክር በቁጥር ይዘጋዋል፤ በአግባቡ ከተተከለ ማለት ነው። ካልተተከለ ግን ባይኖር ይሻላል፤ ግምትን ሰው ይጠራጠራል፣ የተሳሳተ ቁጥርን ግን ያምናል።

ከዚህ በታች ያለው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ክፍት ወለል፣ 60 ጠረጴዛ ይዞ የተሰላ ነው። ለ20ም ለ200ም ጠረጴዛ አካሄዱ አይለወጥም፤ ብዛቱን ብቻ ያባዙት።

ምን ለማወቅ ነው የሚለካው?

ሁለት ፍላጎቶች ሁልጊዜ ይደባለቃሉ። አንዱ ጥናት ነው፦ ለስድስት ሳምንት ያህል ለክቶ ስንት ጠረጴዛ እንደሚያስፈልግ መወሰን። ሌላው የቀጥታ ማሳያ ነው፦ ሠራተኛው ጠዋት ሲገባ የትኛው ጠረጴዛ ነጻ እንደሆነ ስልኩ ላይ እንዲያይ። ለጥናት የአሥር ደቂቃ መዘግየት ምንም አይደለም። ለቀጥታ ማሳያ ግን አሥር ደቂቃ የዘገየ መረጃ ሁለት ሰዎችን አንድ ወንበር ላይ ያጋጫል። ሴንሰሩ ቶሎ ቶሎ እንዲልክ ከተደረገ ደግሞ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። የትኛው እንደሚፈለግ ሳይወሰን ዋጋ አይጠይቁ።

ቀጥሎ «ተይዟል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በጽሑፍ ይስማሙ። ሰውዬው ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል፤ ኮቱ ወንበሩ ላይ፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጠረጴዛው ተይዟል? ሴንሰሩ ዕቃ አያይም፤ ባዶ ነው ይላል። ለጥናት የሚሠራ አንድ ደንብ «በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሰው ከተቀመጠበት ያ ሰዓት ተይዟል» የሚለው ነው። ሌላ ደንብም ይቻላል፤ ውጤቱ ከመጣ በኋላ ግን ደንብ አይቀየርም።

የጠረጴዛ ቁጥር የሚወሰነው ደግሞ በአማካይ ሳይሆን ወለሉ በተጨናነቀበት ሰዓት ነው። አማካዩ 45 ከመቶ ሆኖ ማክሰኞ ረፋድ ላይ 85 ከመቶ የሚደርስ ወለል ሊኖር ይችላል። አማካዩን ብቻ አይቶ ግማሹን ጠረጴዛ ያስወጣ ኃላፊ ማክሰኞ ማክሰኞ ሰው ያቆማል።

ወቅቱንም ይምረጡ። ከጳጉሜን እስከ መስቀል ማግስት፣ ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ አይሆንም። የሰኔ መጨረሻም በበጀት መዝጊያ ምክንያት ከወትሮው የተለየ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ወይም የካቲት የተሻሉ ናቸው።

የትኛው ዓይነት ሴንሰር?

በብዛት የሚሠራበት ፒአይአር የሚባለው ነው። ውስጡ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የሙቀት ተቀባዮች አሉ፤ የሚነቃው በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲፈጠር ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያየው የሰው መኖርን ሳይሆን የሰው ሙቀት መንቀሳቀሱን ነው። ጠረጴዛ ሥር ሲሆን እግር በየጥቂት ደቂቃው ስለሚንቀሳቀስ ይሠራል፤ ዝም ብሎ የሚያነብ ሰው ግን ይጠፋበታል። ይህን ለማካካስ «ማቆያ ጊዜ» ይሰጠዋል፦ የመጨረሻውን እንቅስቃሴ ካየ በኋላ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ «ተይዟል» እንዳለ ይቆያል።

ፒአይአር የሚኖረው በሙቀት ልዩነት ነው። ቀዝቀዝ ባለ የአዲስ አበባ ቢሮ የእግር ሙቀት ጎልቶ ይታያል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ፣ ማቀዝቀዣ የሌለው ክፍል ውስጥ ከሰዓት በኋላ ግን የክፍሉ ሙቀት ወደ ሰውነት ሙቀት ስለሚጠጋ የማየት አቅሙ ይቀንሳል። በክረምት ጉልበቷ ላይ ጋቢ ጣል አድርጋ የምትሠራ ሠራተኛም ለዚህ ሴንሰር ደብዛዛ ናት።

በ24 ወይም በ60 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ራዳር የመተንፈስን የደረት እንቅስቃሴ ሳይቀር ይይዛል፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አያመልጠውም። ችግሩ በእንጨትና በፕላስቲክ አልፎ ማየቱ ነው፤ በቺፑድ ፓርቲሽን ማዶ ያለውን ጎረቤት ጨምሮ ይቆጥራል። ኃይልም ይበላል፤ ብዙዎቹ የዩኤስቢ ገመድ ይፈልጋሉ። ከኮርኒስ ወደ ታች የሚመለከተው የሙቀት ፍርግርግ ሴንሰር፣ 64 ነጥብ ብቻ ያለው እንኳ፣ ከአንድ በላይ ጠረጴዛ ይሸፍናል፤ የሰው ፊትም አይለይም። ለሱ ግን ኮርኒስ ውስጥ ገመድ መሳብ አለብዎት። ወንበር ሥር የሚቀመጠውን የክብደት ሴንሰር ይተዉት፤ ባለ ጎማ ወንበር ስብሰባ ክፍል ሄዶ ይቀራል።

ለተከራየ ወለልና ለ60 ጠረጴዛ፣ በባትሪ የሚሠራ ፒአይአር ይበቃል። ልክ የሌለው ትክክለኛነት ፈልጎ ራዳር መግዛት ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው።

ገመድ አልባ መስመሩ

ለዚህ ሥራ ሎራዋን የሚባለው፣ ረጅም ርቀት የሚሄድና ባትሪ የሚቆጥብ የሬዲዮ መስመር የሚመረጠው አንድ ጌትዌይ (የሴንሰሮቹን መልእክት ተቀብሎ ወደ ሰርቨር የሚያስተላልፍ ሳጥን) በተለምዶ ሙሉ ወለል ስለሚሸፍንና የቢሮውን ዋይፋይ ስለማይነካ ነው። ዚግቢ የሚባለውን ሌላ ገመድ አልባ መስመር የሚጠቀሙ ከሆነ ከዋይፋይ ቻናል 1፣ 6 እና 11 ውጭ ባለው ክፍተት ላይ የሚወድቁትን የዚግቢ ቻናል 15፣ 20 ወይም 25 ይምረጡ፤ ሁለቱም በ2.4 ጊጋኸርዝ ስለሚሠሩ ይጋጫሉ።

በሎራዋን ትልቁ የግዢ ስህተት የሞገድ ክልል ነው። ለአውሮፓ የሚሠራው በ868 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ለአሜሪካ የሚሠራው ከ902 እስከ 928 ነው። ዘመድ ከዋሽንግተን በሻንጣ ይዞት የመጣ ሴንሰርና ከአውሮፓ የታዘዘ ጌትዌይ በፍጹም አይነጋገሩም፤ በሶፍትዌር ማስተካከልም በአብዛኛው አይቻልም። ኢትዮጵያ ውስጥ የሬዲዮ መሣሪያ የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሞገድ ክልሉንና የዓይነት ማረጋገጫውን (ያ ዓይነት መሣሪያ እንዲሠራ የሚሰጠውን ፈቃድ) ከማዘዝዎ በፊት እዚያ ይጨርሱ፤ ዕቃው ጉምሩክ ከገባ በኋላ የሚጀመር ደብዳቤ ረጅም ነው።

አንድ ስሌት ልብ ይበሉ። ኤስኤፍ የመልእክቱ የፍጥነት ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር መልእክቱ ይዘገያል፣ ግን ርቆ ይደርሳል። ሲግናሉ ጥሩ ሲሆን፣ ማለትም በኤስኤፍ 7፣ የአንድ አጭር መልእክት የአየር ጊዜ 60 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ሲግናሉ ደካማ ሆኖ ወደ ኤስኤፍ 12 ሲሸጋገር 1.5 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። የአውሮፓው ደንብ በዋናዎቹ ቻናሎች ለአንድ መሣሪያ ከሰዓቱ 1 ከመቶ፣ ማለት 36 ሰከንድ ብቻ ይፈቅዳል። በኤስኤፍ 12 ይህ በሰዓት 24 መልእክት ነው። በየ10 ደቂቃው የሚልክ ሴንሰር በሰላም ይኖራል፤ በየደቂቃው እንዲልክ የተደረገ ግን ገደቡን ያልፋል፣ ባትሪውንም በወራት ይጨርሳል።

የሚገዛው

- 66 ሴንሰር፦ 60 ለተከላ፣ 6 መጠባበቂያ
- 2 ጌትዌይ፦ አንዱ ሊበቃ ይችላል፤ ሁለተኛው በሌላኛው ጫፍ ይቀመጥና አንዱ ሲወድቅ ይሸፍናል
- በኔትወርክ ገመድ ኃይል የሚሰጥ ስዊች ወይም ይህንኑ የሚሠራ 2 ኢንጄክተር፣ እና 1 አነስተኛ ዩፒኤስ
- 10 ሜትር የቪኤችቢ ዓይነት ባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያ፦ ለአንድ ሴንሰር 5 ሴንቲሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ሲሰላ 6.6 ሜትር ይሄዳል፣ የተበላሸውም ይታሰብ
- 1 ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ብናኝ የማይተው ጨርቅ
- 140 የታተመ ሌብል፦ ለእያንዳንዱ ሁለት፣ አንዱ ሴንሰሩ ላይ፣ አንዱ ጠረጴዛው ላይ
- ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ መብራትና የጉልበት ፍራሽ፤ 60 ጊዜ ወለል ላይ መንበርከክ ቀልድ አይደለም

ዩፒኤሱ ላይ ጌትዌዩን ብቻ ሰክተው አይሂዱ። መብራት ሲጠፋ ስዊቹና ራውተሩ አብረው ከጠፉ ጌትዌዩ የሚልክበት መንገድ የለውም። ኢንተርኔት የሚቆራረጥበት ሕንፃ ከሆነ እንደ ቸርፕስታክ ያለ ክፍት የኔትወርክ ሰርቨር ቢሮው ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ፤ መረጃው ከሕንፃው ሳይወጣ ይመዘገባል።

ስለ ባትሪ ሁለት ነገር። ብዙዎቹ ሴንሰሮች 3.6 ቮልት የሊትየም ቲዮኒል ክሎራይድ ባትሪ ይጠቀማሉ። መጠኑ ከሱቅ የሚገዛውን ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ያክላል፤ ድንጋዩ ሴንሰሩ ውስጥ ቢገባም አይሠራም፣ በተቃራኒው 3.6 ቮልቱን ለ1.5 ቮልት በተሠራ መሣሪያ ማስገባት ደግሞ ያቃጥለዋል። ሁለተኛ፣ ለብቻቸው የታሸጉ የሊትየም ሜታል ባትሪዎች፣ የዩኤን ቁጥራቸው 3090 የሆነው፣ በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነት አይሄዱም። ሴንሰሩ ውስጥ ገብተው እንዲላኩ ይጠይቁ፤ ያኔ በ3091 ይስተናገዳሉ፣ ማጓጓዙም ይቀላል።

ወለሉን መዞርና መዝገቡ

የዚህ ሥራ አከርካሪ ሴንሰሩ ሳይሆን የትኛው ሴንሰር የትኛው ጠረጴዛ ሥር እንዳለ የሚናገረው መዝገብ ነው። ከአስተማማኝ ሴንሰርና ከተዛባ መዝገብ የሚወጣው ውጤት ቆሻሻ ነው፤ የሚከፋው ደግሞ ስህተቱ በዓይን አለመታየቱ ነው።

የወለሉን ፕላን አትመው ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ቁጥር ይስጡ፦ ለምሳሌ ሰባተኛ ፎቅ አሥራ ሁለተኛ ጠረጴዛ 07-012። የሠራተኛ ስም ቁጥሩ ውስጥ አይግባ። ከዚያ እየተንበረከኩ ይመዝግቡ፦ ገጹ ቺፑድ ነው ወይስ ብረት? መሳቢያው በየት በኩል ነው? የኬብል መያዣ ትሪ ወይም አግድም ብረት አለ? ፊት ለፊት ያለው ሠራተኛ እግር የሚከልል ሰሌዳ አለ? ኮምፒውተሩ ሙቅ አየር የሚተፋው ወዴት ነው? በምዕራብ በኩል ባለ መስታወት የሚገባ የከሰዓት ፀሐይ ወለሉን ይመታል? በሐምሌና በነሐሴ እግር ሥር የሚገባ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ? ሲበራና ሲጠፋ ፒአይአርን ሊያታልል የሚችል ከሆነ ምልክት ያድርጉበት።

በዚሁ ዙር ጌትዌዩን በጊዜያዊነት አስቀምጠው አንድ ሴንሰር ይዘው ማዕዘን ለማዕዘን ይሂዱ። ከ−110 ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ) የተሻለ፣ ማለትም ወደ ዜሮ የቀረበ ሲግናልና ከዜሮ በላይ የሆነ የሲግናልና ጫጫታ ንጽጽር ካገኙ ምቹ ነው። ጌትዌዩን ብረት የሰርቨር ካቢኔ ውስጥ አይቆልፉት፤ ከፍ ባለ ግድግዳ ላይ፣ አንቴናው ቀጥ ብሎ ይቁም። ፌሮ የበዛበት የሊፍት ግድግዳ ከጀርባው ያለውን ጥግ ስለሚያደክም ሁለተኛውን ጌትዌይ በዚያ በኩል ያድርጉት።

ለሠራተኛው መንገር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 2016 የለንደኑ ዴይሊ ቴሌግራፍ ሠራተኞች ጠዋት ሲገቡ ጠረጴዛቸው ሥር ትንንሽ ሳጥን ተለጥፎ አገኙ። ምንነቱን ራሳቸው ኢንተርኔት ላይ ፈልገው ደረሱበት፤ ተቃውሞው ተነሳና ድርጅቱ በዚያው ዕለት ሳጥኖቹን አስነሳ። ችግሩ የሴንሰሩ አልነበረም፣ ቀድሞ አለመንገሩ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት በአማርኛ አንድ ገጽ ይበትኑ። ምን እንደሚለካ፣ ካሜራም ማይክሮፎንም እንደሌለው፣ መረጃውን ማን እንደሚያይ፣ መቼ እንደሚሰረዝ፣ እና ሁሉም በሆዱ የሚይዘውን ጥያቄ፦ ለደመወዝም ለቅጣትም እንደማይውል። ይህን የመጨረሻውን ሥራ አመራሩ ካልፈረመ ተከላውን አይጀምሩ። አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ መረጃ የዚያ ሰው መረጃ ነው፤ ስም ባይጻፍበትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንደሚመለከተው አድርጎ መያዝ ይሻላል፤ ሪፖርቱም ከስምንት ጠረጴዛ ባነሰ ቡድን አይውጣ። አንድ ሴንሰር ከፍተው እንግዳ መቀበያው ላይ ቢያስቀምጡ ከአሥር ስብሰባ ይበልጣል።

ተከላው

መጀመሪያ አምስት ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ሳምንት ይሞክሩ፤ አምስቱም አስቸጋሪዎቹ ይሁኑ፦ ማሞቂያ ያለበት፣ መተላለፊያ ዳር ያለው፣ ፊት ለፊቱ ክፍት የሆነው፣ ከጌትዌዩ የራቀው፣ ፀሐይ የሚመታው። የተረፉት 55 ከእነዚህ ይቀላሉ።

ለተከላው ሁለት ሰው ለአንድ ጠረጴዛ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ይበቃሉ።

1. ሴንሰሮቹን ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ እንዳሉ ኔትወርኩ ውስጥ ያስገቡ። የመሣሪያው መለያ 16፣ ቁልፉ 32 ፊደልና ቁጥር ነው፤ በእጅ አይጻፉ፣ ኪውአር ኮዱን ያንብቡ ወይም ከሻጩ ፋይል ይቀበሉ። ረጅም ጊዜ የተከማቸ ሊትየም ባትሪ ውስጡ ሽፋን ስለሚፈጥር ለመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ላይነሳ ይችላል፤ ብልሽት ነው ብለው ከመመለስዎ በፊት ደጋግመው ይሞክሩ።
2. አንዱ ሰው ጠረጴዛ ሥር ይግባ፣ ሌላው መዝገቡን ይያዝ። የጠረጴዛውን ቁጥር አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ይድገም።
3. ቦታው የወንበሩ መሐል፣ ከፊት ጠርዝ ከ15 እስከ 25 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ነው። የአምራቹ መመሪያ ሌላ ካለ እሱ ይቅደም። ጉልበት የሚነካው ከሆነ በሳምንት ውስጥ ይወድቃል።
4. በአልኮል ይጥረጉ፣ ይድረቅ፣ ይለጥፉ፣ ለ15 ሰከንድ አጥብቀው ይጫኑ። ማጣበቂያው ሙሉ ጥንካሬ የሚያገኘው ከ72 ሰዓት በኋላ ነው። ያልተቀባ ቺፑድ ላይ ግን ዱቄቱን ይዞ ይላቀቃል፤ እዚያ ሁለት አጭር ብሎን ይጠቀሙ፣ የብሎኑ ርዝመት ከገጹ ውፍረት ያነሰ መሆኑን ለክተው።
5. ሌንሱ ወደ ጎረቤት የሚያይ ከሆነ በዚያ በኩል ያለውን የሌንሱን ክፍል በጥቁር ፕላስተር ይሸፍኑት። ቀላል ዘዴ ነው፣ ግን ብዙ የውሸት ምልክት ይገድላል።
6. ይቀመጡ፤ «ተይዟል» ሲል ተነሥተው በመተላለፊያው ይመላለሱ፣ በጎረቤት ወንበርም ይቀመጡ። ማቆያው ሲያልቅ «ነጻ» ማለት አለበት። ካላለ ቦታውን ይቀይሩ።

ከፍና ዝቅ የሚል ጠረጴዛ ካለ በሁለቱም ከፍታ ይሞክሩት፤ ሰው ቆሞ ሲሠራ ሴንሰሩ የሚያየው እግር ሳይሆን ወገብ ነው።

ማመሳከር

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ የሚያስቆጨውም ይኸው ነው። አንድ የሥራ ቀን ሙሉ፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30፣ በየግማሽ ሰዓቱ ፕላኑን ይዘው ይዙሩና የተያዘውን ጠረጴዛ ምልክት ያድርጉ። 18 ዙር በ60 ጠረጴዛ 1,080 ምልከታ ነው። ከሴንሰሩ ጋር በዚያው ደቂቃ ያወዳድሩ። ስህተቱ ጥቂት ጠረጴዛዎች ላይ ከተከመረ የአቀማመጥ ወይም የመዝገብ ችግር ነው፤ በሁሉም ላይ እኩል ከተበተነ የማቆያ ጊዜው ነው። ሁለት ጎረቤት ጠረጴዛዎች ፍጹም ተቃራኒ ካሳዩ ሌብላቸው ተቀያይሯል።

ማቆያው ከሚመስለው በላይ ይመዝናል። ማቆያው 15 ደቂቃ ቢሆንና ሰውዬው በቀን አራት ጊዜ ቢነሣ፣ ያልተቀመጠበት እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ይቆጠርለታል። ለጥናት ከሆነ ሴንሰሩ ላይ አጭር ማቆያ ይስጡና ማራዘሙን በኋላ በስሌት ያድርጉት፤ ጥሬው መረጃ ካለ ሐሳብ መለወጥ ይቻላል።

ሰዓቱ

ሰርቨሩ የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ በ3 ሰዓት ትቀድመዋለች፣ ዓመቱን ሙሉ። በዚያ ላይ የእኛ አቆጣጠር አለ። ኤክሴል ላይ «2:30» ብለው የጻፉት ጠዋት 2:30 ለማሽኑ ሌሊት ነው፤ በዚህ ምክንያት ሠራተኛው ሌሊት የሚሠራ የሚመስልባቸው ሪፖርቶች ይወጣሉ። መረጃው ሳይነካ ይቀመጥ፤ ወደ ኢትዮጵያ ሰዓትና ወር የሚቀየረው የመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የዓርብ ምሳ ከ5:30 እስከ 7:30 መሆኑን አስሉበት፤ ካልሆነ ዓርብ ሳይበድል ሰነፍ ቀን ይመስላል። ከ2:30 በፊት ያለውን ደግሞ ይቁረጡት፤ ወንበር የሚያንቀሳቅሱት የጽዳት ሠራተኞች ናቸው።

ከተከላ በኋላ የሚበላሸው

መልእክት ያልመጣበት ሰዓት «ባዶ» ተብሎ እንዳይቆጠር። መብራት ሲጠፋ የሚፈጠረው ክፍተት «አልተለካም» ተብሎ ይለይ፤ አለዚያ የመብራት መጥፋት በጥናቱ ላይ የሠራተኛ መቅረት ሆኖ ይወጣል። ከሁለት ሰዓት በላይ ዝም ያለ ሴንሰር ካለ ሰርቨሩ ማስጠንቀቂያ እንዲልክ ያድርጉ።

ጠረጴዛ ይንቀሳቀሳል። አንድ ክፍል ቦታ ሲቀይር ሴንሰሩ አብሮ ይሄዳል፤ መዝገቡ ግን ይቀራል። የቢሮ ዕቃ የሚያዛውረው ክፍል ለማን እንደሚያሳውቅ ይወሰን፣ በየወሩም ፕላኑን ይዞ አንድ ዙር ይዞር።

ኪራዩ ሲያልቅ ወይም ጥናቱ ሲጠናቀቅ ሴንሰሩን በጉልበት ከጎተቱ የጠረጴዛውን ልባስ ይዞ ይወጣል። በፀጉር ማድረቂያ ለአንድ ደቂቃ ያህል አሙቀው፣ ናይለን የዓሣ ማጥመጃ ክር ከጀርባው አስገብተው እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ይሳቡት፤ የቀረው ማጣበቂያ በአውራ ጣት ተጠቅልሎ ይነሣል።